የበሽታን ስም ማን ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ለሰው ልጅ ስም ይህ እውነት ይሁን አይሁን ለአንባቢ ፍርድ እንተወውና፣ የበሽታን ስም የሚያወጣው ግን መልአክ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የበሽታን ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰውም ስለ ሆነ ይሳሳታል፣ ይከራከራል፣ ትናንት ያወጣውን ስም ዛሬ ይሽራል። ይህ ክርክር የሊቃውንት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛን ባላስጨነቀን ነበር። ነገር ግን ሐኪም መድኃኒት የሚያዘው ስሙን ይዞ ነው። ስሙ ከተሳተ መድኃኒቱም ይስታል።

ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎችን ተሸክሞ ይኖራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል በተሕዋሲ የሚመጣውን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን፣ በመድኃኒትም የሚድነውን ቲቢ ማለታችን ነው። «የጡት ነቀርሳ» ወይም «የደም ነቀርሳ» ስንል ደግሞ ካንሰርን ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን በሽታው ሁለት ነው። ይህ መደባለቅ የአማርኛ ጉድለት ብቻ እንዳይመስለን፤ ወደ ታች እንደምናየው በቪየና ከተማ ማይክሮስኮፕ ይዞ ለተቀመጠ ሊቅም ሁለቱ ተደባልቀውበታል።

ይህ ጽሑፍ ሊምፎማ ስለሚባለው የዕጢ ነቀርሳና ሊቃውንት ይህን በሽታ በየክፍሉ ለመመደብ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ስላደረጉት ድካም የሚናገር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንፍፊትና ሊምፎማ

በአንገታችን፣ በብብታችንና በብሽሽታችን ውስጥ ባቄላ የሚያህሉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። በጤናችን ጊዜ አናስተውላቸውም። እግራችንን እሾህ ወግቶን ቁስሉ ሲያመረቅዝ ግን ብሽሽታችን ያብጣል፤ ይህንንም ንፍፊት እንለዋለን። ዕጢዎቹ የሰውነት የጥበቃ ኬላዎች ናቸው። በውስጣቸው ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰልፈው ከውጭ የገባውን ጠላት ይጠብቃሉ። ሊምፎማ የሚነሣው ከእነዚህ ጠባቂዎች አንዱ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ መራባት ሲጀምር ነው።

እንግዲህ አንድ የደብረ ብርሃን ወጣት አንገቱ ላይ የማያመው እብጠት ወጣበት እንበል። እብጠቱ ከጥርስ ወይም ከጉሮሮ ሕመም የመጣ ንፍፊት ከሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የዕጢ ቲቢ ከሆነ ስድስት ወር ያህል መድኃኒት ወስዶ ይድናል። ሊምፎማ ከሆነ ግን ጥያቄው ገና ይጀምራል፤ ሊምፎማ ዛሬ ከ60 በላይ ዓይነቶች አሉትና። አንዳንዱ ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ነው፤ አንዳንዱ ካልታከመ በሳምንታት ውስጥ የሚገድል፣ በጊዜው ከታከመ ግን ፈጽሞ የሚድን ነው። በውጭ ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ እብጠት ናቸው።

ከለንደን እስከ አንኮበር

በ1832 ቶማስ ሆድኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የ7 ሕሙማንን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ሆድኪን በለንደን በሚገኘው በጋይስ ሆስፒታል ሬሳ እየመረመረ የሞትን ምክንያት የሚያጠና ሰው ነበር። በእነዚህ ሰዎች ላይ ያየው ነገር ዕጢዎቻቸውና ጣፊያቸው ያለ ልክ ማበጡን ነው። ጽሑፉ ሳይታወቅ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ሳሙኤል ዊልክስ የተባለ ሌላ የዚያው ሆስፒታል ሐኪም ይህንኑ በሽታ ራሱ ያገኘው መስሎት ጻፈ፤ በኋላ ሆድኪን እንደ ቀደመው ሲረዳ ግን ክብሩን ለቀዳሚው ለቆ በ1865 በሽታውን «የሆድኪን በሽታ» ብሎ ሰየመው።

ሆድኪን ያን ጽሑፍ ሲያወጣ በአንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ይገዙ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ውል ለመዋዋል አንኮበር ሲደርስ አብረውት ከመጡት መካከል ሐኪም ነበረበት። ያን ጊዜ የለንደኑ ሐኪምና የአንኮበሩ ባለመድኃኒት አንገት ላይ ያበጠውን ዕጢ በመለየት ረገድ እምብዛም አይበላለጡም ነበር፤ ሁለቱም በዓይናቸው ያያሉ፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ። የአንኮበር ሰው የራሱ የበሽታና የመድኃኒት አመዳደብ ያለው መሆኑንም መርሳት አይገባም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ለሰው ሕክምና የሚውሉ 135 ዓይነት ዕፀዋት መዝግቧል። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ምድብ ማውጣት አይችልም አይባልም። የጎደለው መሣሪያው ነው። ሆድኪንም ቢሆን መሣሪያ ጎድሎት ነበር። በእርሱ ዘመን ተጠብቀው የቆዩት ናሙናዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም «የሆድኪን በሽታ» ሆነው አልተገኙም። በዓይን ብቻ የተሠራ ምድብ ዕጣው ይህ ነው።

ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላም ስሕተት አልቀረም። በ1898 የቪየናው ካርል ሽቴርንበርግ በታመሙት ዕጢዎች ውስጥ ትልልቅ፣ ከአንድ በላይ አስኳል ያላቸው እንግዳ ሕዋሳት መኖራቸውን በደንብ አድርጎ ጻፈ። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ቲቢ ስለ ነበረባቸው ግን በሽታው ልዩ ዓይነት ቲቢ ነው ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ የእኛ «ነቀርሳ» ትዝ ሊለን ይገባል። በ1902 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ የነበረችው ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ዶክተር ዶሮቲ ሪድ ያንኑ ሕዋስ መርምራ፣ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ቢችሉም አንድ አይደሉም ስትል አስረዳች። ዛሬ ያ ሕዋስ በሁለቱ ሰዎች ስም የሪድና ሽቴርንበርግ ሕዋስ ይባላል፤ ሁለት አስኳሎቹም ፊት ለፊት የሚያይ የጉጉት ዓይን ይመስላሉ። ተማሪዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ የታላቁን ከተማ ሊቅ ያረመችው በሥራዋ መጀመሪያ ላይ የነበረች ወጣት ናት።

ከዚህ በኋላ የሊምፎማ ዓለም በሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «ሆድኪን»፣ ሌላው «ሆድኪን ያልሆነ» ተባለ። አንባቢ እንደሚረዳው «ያልሆነ» የሚል ስም ስም አይባልም። ኢትዮጵያን «ደብረ ብርሃን» እና «ደብረ ብርሃን ያልሆነ» ብሎ እንደ መክፈል ያለ ነው። ብዙው በሽታ የተከማቸው በዚሁ ስም አልባ ክፍል ውስጥ ነበር።

ደጋና ቆላን የሚያውቅ በሽታ

ጥሩ ምድብ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። የሰሜን ሸዋ ገበሬ አገሩን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ ይመድባል። ይህ ምድብ የሚናገረው ስለ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ የቱ እህል የት እንደሚበቅል፣ የቱ ከብት የት እንደሚረባ፣ ሰው ከየትኛው በሽታ መጠንቀቅ እንዳለበትም ይናገራል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በጣርማ በር አልፎ፣ በደብረ ሲና ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ አገር ወደ ወባ አገር ይገባል። ከአንኮበር አፋፍ ወደ አፋር ሜዳ የሚመለከትም ይህንኑ ልዩነት በዓይኑ ያያል።

በሊምፎማ ታሪክ ውስጥ ከታወቁት ግኝቶች አንዱ የተገኘው እንዲህ ባለው የደጋና የቆላ ልዩነት ነው። ዴኒስ በርኪት የተባለ አየርላንዳዊ ቀዶ ጠጋኝ በኡጋንዳ በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በ1957 መንጋጋው በሁለቱም ወገን ያበጠ ሕፃን አየ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ አየ። በ1958 የ38 ሕፃናትን ታሪክ ሰብስቦ ሲያሳትም በሽታውን የመንጋጋ ሳርኮማ አለው። ሌላው ሐኪም የመንጋጋውን፣ ሌላው የኩላሊቱን፣ ሌላው የሆዱን እብጠት ለየብቻ ስም እየሰጠ ሲመዘግብ፣ ሁሉም አንድ በሽታ መሆናቸውን ያስተዋለው በርኪት ነው። በኋላም የካምፓላ የፓቶሎጂ ሊቃውንት ሕዋሱን መርምረው በሽታው ሊምፎማ መሆኑን አረጋገጡና ስሙ ታረመ።

በርኪት በዚህ አላበቃም። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 10,000 ማይል ያህል ተጉዞ በየሆስፒታሉ «ይህን በሽታ ታውቁታላችሁ ወይ?» እያለ ጠየቀ። መልሱን በካርታ ላይ ሲያሰፍረው በሽታው በሞቃታማውና ዝናም በሚያገኘው ቆላ ውስጥ ሲገኝ፣ ከ1,500 ሜትር ያህል ከፍታ በላይ ባሉት በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲና በኬንያ ደጋዎች አልተገኘም። ካርታው ከወባ ካርታ ጋር ይመሳሰል ነበር። በ1964 ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር የተባሉ ተመራማሪዎች በበሽታው ሕዋስ ውስጥ ዛሬ በኤፕስታይንና ባር ስም የሚጠራውን ቫይረስ አገኙ። ዛሬ እንደሚታወቀው በአፍሪካ ቆላ ይህ በሽታ የሚነሣው ቫይረሱ በሕፃንነት የያዘው ልጅ በተደጋጋሚ ወባ ሲመታው ነው።

በርኪት ጽሑፉን ባሳተመበት በ1958 በአገራችን ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ወረርሽኙ ወባ እምብዛም ወደማያውቀው ወይና ደጋ ወጥቶ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ታመመ፤ 150,000 ያህል ሰውም እንዳለቀ ተገምቷል። ደጋና ቆላ የሚለው ምድብ ጠቃሚ ቢሆንም ድንበሩ የማይነቃነቅ አጥር አይደለም ማለት ነው። የትኛውም ምድብ እንዲሁ ነው።

ጠቦትና ሙክት

የቀሩትን ሊምፎማዎች በሥርዓት ለመመደብ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ሙከራ አሜሪካ ውስጥ የሠራው የሄንሪ ራፓፖርት ነው። ራፓፖርት በ1956 እና በ1966 ባወጣቸው ጽሑፎች ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ሕዋሶቹ በዕጢው ውስጥ በክብ በክብ ተሰባስበዋል ወይስ ተበትነዋል? ትንንሽ ናቸው ወይስ ትልልቅ? የመጀመሪያው ጥያቄ ዛሬም ይሠራል። ሁለተኛው ግን ወጥመድ ነበረው። ራፓፖርት ትልልቆቹን ሕዋሳት ሂስቲዮሳይት የሚባሉ ሌላ ዘር አድርጎ መዝግቧቸው ነበር።

በ1960 ፒተር ኖዌል የተባለ አሜሪካዊ ከቦሎቄ የተጨመቀ ንጥረ ነገር በትንንሽ ሊምፎሳይቶች ላይ ቢጨምር፣ ትንንሾቹ ራሳቸው አድገው መከፋፈል እንደሚጀምሩ አገኘ። እንግዲያው ትልቁና ትንሹ ሁለት ዘር ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሕዋስ በሁለት ዕድሜ ሊሆን ይችላል። በበግ አገር ላደገ አንባቢ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጠቦትንና ሙክትን በቁመታቸው ብቻ አይቶ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ናቸው ብሎ እንደ መመዝገብ ነበር። ሊምፎሳይቶች ራሳቸውም ቢ እና ቲ በሚባሉ ሁለት ወገኖች እንደሚከፈሉ በ1960ዎቹ ታወቀ። ይህን ሁለቱን ወገን በማይክሮስኮፕ መልክ ብቻ አይቶ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም።

በ1974 በጀርመን የኪል ከተማ ሊቃውንት አንድ ምድብ፣ በአሜሪካ ደግሞ ሉክስና ኮሊንስ ሌላ ምድብ አወጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ስድስት ምድቦች በአንድ ዘመን ተሰለፉ። አንድ ሕመምተኛ ውቅያኖስ ሲሻገር በሽታው ሳይለወጥ የበሽታው ስም ይለወጥ ነበር። ክርክሩን ለመፍታት የ1,175 ሕመምተኞች ናሙና በስድስቱም ምድብ ተመረመረና በ1982 አንድ የማስታረቂያ ሰነድ ወጣ። ሰነዱ እንደ መዝገበ ቃላት የአንዱን ስም ወደ ሌላው የሚተረጉም፣ በሽታዎቹንም እንደ ክፋታቸው ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ብሎ የሚከፍል ነበር። ለሥራ ቢመችም የማይዛመዱ በሽታዎችን «መካከለኛ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ጨመረ።

አራት ምስክሮች

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1994 ነው። ከኤውሮፓና ከአሜሪካ የተሰባሰቡ 19 ሊቃውንት ሁሉን የሚያስገባ አንድ ታላቅ ሥርዓት መፈለጉን ትተው ቀለል ያለ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሁላችንም በእውነት አለ ብለን የምንስማማበት በሽታ የትኛው ነው? ለእያንዳንዱ በሽታም አራት ምስክር እንዲቀርብ አደረጉ፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው መልክ፣ በሕዋሱ ቆዳ ላይ ያሉት የፕሮቲን ምልክቶች፣ የዘረ መሉ ለውጥና የሕመምተኛው ታሪክ ናቸው። ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ለመፍረድ እንደሚያመነታ፣ እነርሱም አንዱን ምስክር ለሁሉም በሽታ የበላይ አላደረጉም። ሐሳቡ በ1,403 ሕመምተኞች ናሙና ተፈትኖ ጸና፤ በ2001 የዓለም ጤና ድርጅት የራሱ አደረገው።

ከዚህ ምን ጥቅም ተገኘ? ሁለት ማስረጃ ይበቃል። በ1983 አይዛክሰንና ራይት የተባሉ ሊቃውንት በጨጓራ ውስጥ የሚነሣ ልዩ ሊምፎማ ለይተው ገለጡ። ለብቻው ስም በማግኘቱ ለብቻው ተጠና፤ የሚያቆጠቁጠውም አገራችንም በደንብ በምታውቀው በጨጓራ ባክቴሪያ በሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ምክንያት መሆኑ ታወቀ። በ1993 በታተመ ጥናት ባክቴሪያውን የሚያጠፋ ተራ መድኃኒት ብቻ ከተሰጣቸው 6 ሕመምተኞች የ5ቱ ነቀርሳ ጠፋ። ጨጓራ በቢላዋ ከመቆረጥ የዳነው በትክክለኛ ስም ነው። ሁለተኛው ማስረጃ በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ሲዲ 20 የሚባለውን ምልክት በተሸከሙ የቢ ወገን ሕዋሳት ላይ ይሠራል፤ ምልክቱ በሌላቸው ላይ ግን ወጪ ብቻ ነው። ምልክቱን ያልመረመረ ሐኪም ለማን እንደሚያዝ አያውቅም።

ነገሩ እዚህ ተፈጸመ እንዳይባል፣ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ምድቡን ሲያድስ ሌላ የሊቃውንት ጉባኤ በዚያው ዓመት የራሱን ምድብ አወጣ። ዓለም እንደገና ሁለት መዝገብ አላት። በብዙው ይስማማሉ፤ በጥቂቱ ይለያያሉ።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ይህ ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ ላለው ወጣት ምን ይረባዋል? በአገራችን ከሚመዘገበው ቲቢ ከሦስት አንዱ ያህል ከሳንባ ውጭ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚህም ዋነኛው የዕጢ ቲቢ ነው። ስለዚህ ሐኪም የአንገት እብጠት ሲያይ አስቀድሞ ቲቢን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ችግሩ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት የቲቢም የሊምፎማም ምልክቶች መሆናቸው ነው። ሽቴርንበርግን ያሳሳተው ይኸው መመሳሰል ዛሬም በየሆስፒታሉ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የቲቢ መድኃኒት እየተወሰደ እብጠቱ ካልቀነሰ ወይም ከጨመረ፣ ስሙን እንደገና መጠየቅ የሐኪሙም የሕመምተኛውም ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚደረገው በቀጭን መርፌ ነው። ይህ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ቲቢን ለማግኘትም ይረዳል። ነገር ግን መርፌ የሚያወጣው የተበታተኑ ሕዋሳትን ነው። ራፓፖርት የጠየቀው «ተሰባስበዋል ወይስ ተበትነዋል?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ዕጢው እንዳለ ተነሥቶ ሲታይ ነው። በፈረሰ ቤት ድንጋይ የቤቱ አሠራር አይታወቅም። ሊምፎማ ከተጠረጠረ ቀዶ ጠጋኙ ዕጢውን አንሥቶ በፎርማሊን ጠብቆ፣ የሕመምተኛውንም ታሪክ ጽፎ ለፓቶሎጂ ሐኪሙ መላክ ይኖርበታል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ የምትርቀው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ናሙና መለያው ካልተጻፈበት፣ በቂ ፎርማሊን ካልተደረገበት ወይም መልሱን የሚከታተል ሰው ከሌለው ርቀቱ ውቅያኖስ ነው።

ስለዚህ ነገሩ የሐኪም ብቻ አይደለም። በጀት የሚያዘጋጅ ወጣት ሹም ሆስፒታል ሲባል አልጋና አምቡላንስ ብቻ ይታየው ይሆናል። ማቅለሚያው፣ ማይክሮስኮፑና የፓቶሎጂ ባለሙያው በጉብኝት ቀን ለእንግዳ አይታዩም። ሆኖም ከሆድኪን ወዲህ ያለው ታሪክ በሙሉ የሚያስረዳው አገር የምታውቀው የበሽታ ስም ባላት መሣሪያ ልክ መሆኑን ነው። ዓይን ብቻ ያለው ሁለት ስም ያውቃል፤ ማቅለሚያ ያለው ብዙ ያውቃል። በመጽሐፍ ስድሳ ስም ተጽፎ ላቦራቶሪው ሁለቱን ብቻ መለየት ከቻለ፣ ለዚያ ሕመምተኛ ያለው ሁለት ስም ብቻ ነው።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ በታዋቂው ቀዶ ጠጋኝ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ከዚያ ለሚወጡት ወጣቶች ቀዶ ጥገና የተከበረ ምኞት ነው፤ የቢላዋው ሥራ ግን ፍሬ የሚሰጠው የተነሣውን ዕጢ ወስዶ ስሙን የሚናገር ሰው በሌላው ክፍል ሲኖር ነው። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ወደዚያ ጸጥ ወዳለው ክፍል ቢያመሩ አገር ትጠቀማለች።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ይህ ለሕመምተኛው የተነገረ ምክር ነው። ራሱን ያልደበቀ፣ እብጠቱን ይዞ በጊዜው ሆስፒታል የደረሰ ሰው ግን የእርሱን ድርሻ ፈጽሟል። ከዚያ በኋላ የበሽታውን ትክክለኛ ስም ፈልጎ ማግኘት የእኛ ፈንታ ነው።